ትልቅ የዘይት ፓምፕ ቮልሷን እንጦጦ ያወጣታል?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስታ በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ሽቅብ የምትታገል ቮልስ ከኋላዋ ሆናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ድምጿን ከሾፌሩ ይልቅ የምትሰሙት ከኋላ የተሰለፋችሁት ናችሁ። በሁለተኛ ማርሽ ትገፋለች፣ ጠመዝማዛው ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ከዚያ እንደገና ትገፋለች። ብዙዎቹ ቮልሶች ከእናንተም ከእኔም በዕድሜ ይበልጣሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር ካስታወሳችሁ፣ ይቺ መኪና በከተማችን ምን ያህል ዘመን እንደቆየች ይገባችኋል።

ዛሬ ደግሞ አሮጌ ቮልስ ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሞተሯን «ጠንከር» ማድረግ የሚወድ ወጣት አለ። አካሄዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ 1200 ሲሲ የነበረው ሞተር ወደ 1600 ያድጋል። ቀጥሎ ሁለት ካርቡራተር ይገጠማል። ከዚያ አንዱ ጓደኛ ይመጣና «የዘይት ፓምፑንስ? እሱንም በትልቁ ቀይረው እንጂ!» ይላል። ገበያ ላይ 26 ሚሊሜትርና 30 ሚሊሜትር የሚባሉ ፓምፖች አሉ። ትልቅ ከሆነ ይሻላል፣ አይደል? ብዙ ዘይት፣ ብዙ ግፊት፣ ብዙ ዕድሜ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፓምፑን ከማሳደጋችሁ በፊት ፓምፑ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እንወቅ። ብዙ ሞተር የሚበላሸው ሁለቱን ከማምታታት ነውና።

ግፊትን የሚፈጥረው ፓምፑ አይደለም

ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ትልቁ ዘንግ ክራንክሻፍት ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ «ኮሎ» ሲሉት ትሰማላችሁ። ይህ ዘንግ የተኛው ብሮንዚና በሚባሉ ለስላሳ የብረት ሽፋኖች ላይ ነው። በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ዘይት የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ኮሎው ሲሽከረከር ዘይቱን እየጎተተ ከሥሩ ያስገባዋል፣ ራሱም በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ብረትና ብረት አይነካኩም። የፓምፑ ሥራ ይህ ስስ ክፍተት ከዘይት ባዶ እንዳይሆን ያለማቋረጥ ማቅረብ ነው።

የቮልስ ፓምፕ በጣም ቀላል ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የተነካከሱ ሁለት ትንንሽ ማርሾች አሉ፤ አንዱን የሚያዞረው ካምሻፍቱ ነው። ካምሻፍት በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ፓምፑ 1,500 ይዞራል። ዘይቱ የሚያልፈው፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው፣ በሁለቱ ማርሾች መሀል አይደለም። በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ጎድጓዶች እንደ ትንንሽ ስኒ አስቧቸው፤ እያንዳንዱ ስኒ ዘይት ይሞላል፣ በቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ተሸክሞት ይዞራል፣ ማዶ ሲደርስ የሌላው ማርሽ ጥርስ ስኒው ውስጥ ይገባና ዘይቱን ያስወጣዋል። 26 ወይም 30 ሚሊሜትር የሚባለው የማርሹ ርዝመት ነው። ማርሹ ሲረዝም ስኒው ይጠልቃል፣ በአንድ ዙር የሚሸከመው ዘይትም በዚያው ልክ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ፓምፕ 21 ሚሊሜትር ነው ብለን ካሰላን፣ 26ቱ 24 በመቶ፣ 30ው ደግሞ 43 በመቶ ተጨማሪ ዘይት ይሰጣል።

ልብ በሉ፤ የሚሰጠው ዘይት ነው፣ ግፊት አይደለም። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ ለመውጣት ሲቸገር ነው። ግቢ ውስጥ በጎማ አትክልት ስታጠጡ የጎማውን አፍ በአውራ ጣታችሁ ስትከድኑት ውሃው ሩቅ ይፈናጠራል። ቧንቧው አልተቀየረም፣ የመጣውም ውሃ አልጨመረም፤ መውጫውን ስላጠበባችሁት ግፊቱ ጨመረ። ሞተር ውስጥ የአውራ ጣታችሁን ሥራ የሚሠሩት እነዚያ ጠባብ የብሮንዚና ክፍተቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ሕግ ይመጣል። በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚያልፍ የፈሳሽ መጠን ከክፍተቱ ስፋት ኩብ ጋር ይሄዳል። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያፈሰው ዘይት 2 እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ነው። ለምን? ክረምት ላይ ከቀበና ድልድይ ላይ ሆናችሁ ወንዙን ተመልከቱ። ዳር ዳሩ ያለው ውሃ ከአፈሩ ጋር እየታሸ ቀስ ይላል፤ መሀሉ ይከንፋል። ወንዙ ሲሰፋ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሆናል፦ የሚያልፍበት ቦታ ይጨምራል፣ መሀሉም ከዳሩ ስለሚርቅ ከበፊቱ የበለጠ ይፈጥናል። ዘይትም በብሮንዚናው ውስጥ እንዲሁ ነው። ቦታው አንድ ጊዜ ያድጋል፣ ፍጥነቱ ደግሞ በካሬ ያድጋል፤ ሲባዛ ኩብ ይሆናል።

አሁን ሂሳቡን ወደ መኪናችን እናምጣው። አንድ ሞተር አርጅቶ የብሮንዚናው ክፍተት ከ0.05 ወደ 0.075 ሚሊሜትር ሰፋ እንበል። አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር እንኳ አይደለም። 1.5 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ግን 3.4 ገደማ ይመጣል። በተመሳሳይ ግፊት የሚያፈሰው ዘይት 3.4 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር በዚያው ፓምፕ ግፊቱ ከሦስት አንድ እጅ በታች ይወርዳል። 30 ሚሊሜትሩ ፓምፕ የሚጨምረው ስንት ነበር? 43 በመቶ። ያረጀ ብሮንዚናን በትልቅ ፓምፕ ለማዳን የሚሞክር ሰው በ1.43 ይዞ 3.4ን ሊገጥም የወጣ ሰው ነው። ጌጁ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ብሮንዚናው ግን መበላቱን ይቀጥላል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ገንዘብ ማባከኛ የለም፤ በሽታውን ትቶ ቴርሞሜትሩን ማከም ነው።

እንጦጦ ምን ይጨምርበታል?

መገናኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ቮልስ የተወለደችበት የጀርመኑ ቮልፍስቡርግ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። መሐንዲሶቹ ሲነድፏት እንጦጦን አስበው እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ በዓለም ዙሪያ ስለተበተነች ተራራውን የምትወጣው እኛው ጋ ሆነ።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንይ። መኪናዋ ከነተሳፋሪዎቿ 1,000 ኪሎግራም ትመዝናለች ብለን 700 ሜትር ሽቅብ ብንወስዳት፣ ለማንሳት ብቻ ወደ 7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ ይቀይራል ካልን፣ ሌላው 20 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉ በአየር፣ የቀረው በዘይቱ በኩል። ቮልስ ራዲያተር የላትም። የሚያቀዝቃት በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያና 2.5 ሊትር ዘይት ነው። አዎ፣ 2.5 ሊትር ብቻ! ለዚህች መኪና ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛው ማቀዝቀዣም ነው።

ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን እንጦጦም ላይ ያው ነው፤ አየሩ ግን ስስ ነው። 3,100 ሜትር ላይ የአየር ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር የሚያልፈው አየር በክብደት ሲለካ ያንሳል፣ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። (እንጦጦ ላይ ያለው የጠፈር ምርምር ማዕከል ሁለቱን ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እዚያ ከፍታ ላይ መትከሉ ይጠቅመዋል፤ ለከዋክብት ብርሃን የሚያልፍበት አየር ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ለቮልስ ግን ተቃራኒው ነው።) የእንጦጦ ብርድ ትንሽ ይክሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። 20W-50 የሚባለው፣ ብዙ ቮልስ ውስጥ የሚገባው ዘይት፣ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለው ውፍረት 100 ዲግሪ ላይ ካለው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉን እንደገና ያጣል። ግፊቱም ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ይህንን ቁጥር ከፓምፑ ቁጥር ጋር አስተያዩት፦ ዘይቱን ከ120 ወደ 100 ዲግሪ ብታቀዘቅዙት ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። 30 ሚሊሜትር ፓምፕ ብትገጥሙ 1.43 እጥፍ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ልዩነቱ፣ የቀዘቀዘው ዘይት ብሮንዚናው ውስጥም ወፍራም ሆኖ ኮሎውን ይሸከማል። ትልቁ ፓምፕ ያመጣው ዘይት ግን ብዙ ይሁን እንጂ ያው ቀጭኑ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ ፓምፑ ዘይቱን እንዴት ያገኘዋል? «ይመጠዋል» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን መምጠጥ የሚባል ኃይል የለም። ጁስ ቤት ገብታችሁ አቮካዶ የበዛበት ስፕሪስ በስትሮ ስትጠጡ፣ እናንተ የምታደርጉት አፋችሁ ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ጁሱን ወደ ላይ የሚገፋው ብርጭቆው ላይ የተጫነው አየር ነው። ፓምፑም እንዲሁ፤ ከታች ያለውን ዘይት በመምጠጫው ቱቦ በኩል የሚገፋለት የከባቢ አየር ነው። ያ ገፊ በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ጉልበት አለው። መገናኛ ላይ 76 ገደማ ይቀራል። 3,100 ሜትር ላይ 69 አካባቢ። እንጦጦ ላይ ገፊያችን ከጉልበቱ ሦስት አንድ እጅ ያህሉን አጥቷል።

በዚያው ስትሮ፣ ወፍራሙን ስፕሪስ፣ በፍጥነት ለመጠጣት ሞክሩ። ጉንጫችሁ ይገባል እንጂ ጁሱ አይመጣም። 30 ሚሊሜትር ፓምፕ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ቱቦው ሳይሰፋ በዚያው መንገድ 43 በመቶ ተጨማሪ ዘይት ይጠይቃል። ዘይቱ ሞቆ ቀጭን ሲሆን ችግር የለም። በኅዳር ወይም በታህሣሥ ማለዳ፣ ሌሊቱን እንጦጦ ሥር ብርድ ላይ ያደረችን መኪና አስነስታችሁ ወዲያው ነዳጅ ብትረግጡ ግን ዘይቱ ስፕሪስ ነው። በመምጠጫው በኩል ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ፣ በዘይቱ ውስጥ የተሟሟ አየር ይወጣል። የሞተር ዘይት ከይዘቱ 9 በመቶ ያህል አየር አሟሙቶ መያዝ ይችላል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይፈጠራል። ስኒዎቹ ግማሽ ዘይት ግማሽ አረፋ ይዘው ይዞራሉ። ትልቅ ፓምፕ ገዝታችሁ ትንሽ ዘይት አገኛችሁ ማለት ነው።

ጠመዝማዛውንም አንርሳው። 2.5 ሊትር ዘይት ወለሉ ላይ የተዘረጋ ስስ ሐይቅ ነው። መኪናዋ ሽቅብ ስትጋደል ዘይቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በፍጥነት ስትታጠፍ ደግሞ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከፊሉም በቱቦዎቹ በኩል ወደ አንደኛው ጎን ቴስታታ ይገባል። የቱቦው አፍ ለአፍታ ከዘይቱ ከወጣ ፓምፑ የሚውጠው አየር ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ፓምፕ ጭራሽ ጠላት ይሆናል፤ ትንሿን ሐይቅ በፍጥነት የሚያደርቃት እሱ ነውና። በነገራችን ላይ የእንጦጦ መንገድ የእሽቅድምድም ቦታ አይደለም። ማለዳ ሯጮቻችን ይለማመዱበታል፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዱበታል። ሞተራችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ በመደበኛ ፍጥነት መውጣቱ ራሱ በቂ ፈተና ነው፤ ከላይ ያየነው የሙቀት ሂሳብ ፍጥነትን አልጠየቀም።

ትርፉ ዘይት የት ይሄዳል?

ፓምፑ የሚሰጠው ዘይት ብሮንዚናዎቹ ከሚያሳልፉት ሲበልጥ ግፊቱ ያለ ገደብ እንዳይወጣ መከላከያ አለ። በሞላ የተደገፈ ትንሽ ፒስተን ነው። ግፊቱ ሲበረታ ሞላውን ይጨፈልቅና ትርፉን ዘይት ወደ ታች ይመልሳል። በቮልስ ይህ ቫልቭ ሌላም ሥራ አለው፦ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳያልፍ በአቋራጭ እንዲሄድ ያደርጋል። ብልህ ንድፍ ነው።

ትልቅ ፓምፕ ጤነኛ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን ይህ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ተከፍቶ ይውላል። ዘይቱን ተጭኖ መልሶ መልቀቅ ምንም ሥራ አይሠራም፤ ያወጣነው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ለምሳሌ ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር በ4 ባር ግፊት ይገፋል ብንል፣ የሚፈልገው ጉልበት 200 ዋት ነው። 43 በመቶ ሲጨመርበት 286 ዋት። ትርፉ 86 ዋት በቀጥታ ዘይቱን ያሞቃል። ትንሽ ይመስላል? 2.5 ሊትር ዘይትን 1 ዲግሪ ለማሞቅ 4,400 ጁል ገደማ ይበቃል። ሙቀቱ መውጫ ባይኖረው ኖሮ 86 ዋት በ10 ደቂቃ ውስጥ ዘይቱን ወደ 12 ዲግሪ ያሞቀው ነበር። በእርግጥ ማቀዝቀዣው ከፊሉን ያወጣዋል። ግን አስቡት፤ ዳገት ላይ ሙቀት እየተዋጋን ሳለ በገዛ ገንዘባችን ተጨማሪ ማሞቂያ ገዛን።

በብርድ ጊዜ ያለው አደጋ የተለየ ነው። ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ያቺ ትንሽ ቫልቭ 30 ሚሊሜትር ፓምፕ የሚያመጣውን ሁሉ በፍጥነት መመለስ ላትችል ትችላለች። ግፊቱ ከቫልቩ ልክ አልፎ ይወጣና ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፦ የዘይት ማቀዝቀዣውን፣ የማቀዝቀዣውን ጎማ ማኅተሞች፣ በኋላ የተገጠመ ፊልትሮ ካለም እሱን። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተሠሩት ሞተሮች አንድ ቫልቭ ብቻ ስላላቸው ይህ ይጠናባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት አላቸው። አንዳንዱ ደግሞ ጌጁ ከፍ እንዲልለት ከሞላው ሥር ቀለበት አስገብቶ ያጠነክረዋል። ይህንን አታድርጉ። የደህንነት በሩን ቆልፎ ቤቱን በሰው መሙላት ነው።

ነገሩ የቮልስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሱባሩም እንደ ቮልስ የተኛ ሞተር ነው የሚሠራው፤ የኢጄ ሞተሮቹ ፓምፕ በ10፣ በ11 እና በ12 ሚሊሜትር ውፍረት ይመጣል፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎችም በዚያችው 1 ሚሊሜትር ይከራከራሉ። የኒሳን አርቢ26 ላይ ደግሞ ችግሩ የዘይቱ መጠን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኮሎው ፓምፑን የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ስለነበር፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚፈጠር መንቀጥቀጥ የፓምፑ ማርሽ ይሰነጠቅ ነበር። እዚያ የሚደረገው ማሻሻያ ጠንካራ ማርሽና ሰፊ መያዣ ነው። አዳዲስ የቤት መኪኖች በተቃራኒው መንገድ ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ሲያስፈልግ ብቻ ብዙ ዘይት የሚሰጡ፣ ሳያስፈልግ ራሳቸውን የሚቀንሱ ፓምፖች አሏቸው፣ ምክንያቱም ያቺ በከንቱ የምትባክን ጉልበት ነዳጅ ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መለካት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት መብራት መለኪያ አይደለችም። የምትበራው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው ክልል ውስጥ ሲወርድ ነው፤ እሷ ስትበራ ብሮንዚናው ሲጎዳ የቆየ ሊሆን ይችላል። የግፊት ጌጅና የሙቀት ጌጅ ግጠሙ፤ ሁለቱንም። አንዱ ያለ ሌላው ውሸታም ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ለማንኛውም ያረጀ ሞተር ጥሩ ግፊት ያሳያል። የቮልስ ሰዎች የሚጠቀሙበት የድሮ መመሪያ ዘይቱ ሲሞቅ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ያህል ይበቃል የሚል ነው። ያንን የሚያሳይ ሞተር ትልቅ ፓምፕ አልጠየቀም።

ከታች ሆኖ ከተገኘ፣ አዲስ ፓምፕ ከመፈለጋችሁ በፊት ያለውን ክፈቱት። በማርሾቹ ፊትና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ክዳኑ በብዙ ዓመት ሲሠራ ማርሾቹ ክብ ምልክት ይቦረቡሩበታል፣ ዘይቱም በዚያ በኩል ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል። የኩብ ሕጉ አሁን ለእኛ ይሠራል! ክፍተቱን ከ0.16 ወደ 0.08 ብታወርዱት በዚያ በኩል የሚሾልከው ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት፣ በላዩ የተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ዘይትና ትዕግሥት ነው። ክዳኑን በክብ በክብ እያሻችሁ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ አጥባችሁ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ሳትቀር፣ መግጠም። ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከውጭ አገር ዕቃ ማስመጣትም አይጠይቅም። ጋራዡ ውስጥ ያሉትን አንድ ጋሼ ጠይቁ፣ መስታወቱን የት እንዳስቀመጡት ያሳዩአችኋል።

ቀጥሎ ያለው ገንዘብ ወደ ዘይቱ ብዛትና ቅዝቃዜ ይሂድ። ከሥር የሚገጠም ተጨማሪ ማጠራቀሚያ 1.5 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ሐይቁ ጠለቅ ስለሚል ጠመዝማዛ ላይ የቱቦው አፍ አይራቆትም፣ ዘይቱም ቀስ ብሎ ይሞቃል። ግን ከመኪናዋ ሥር ወደ ታች ስለሚወርድ በኮብልስቶን ሰፈርና ጉድጓድ ባለበት መንገድ የሚነዳ ሰው አስቦበት ይግባ። የመምጠጫው ቱቦ ሞተሩ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አየር እንደማያስገባ ይታይ፤ ስንጥቅ ያለው ስትሮ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቮልስ ስትፈጠር ፊልትሮ አልነበራትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ በውጭ ፊልትሮና በውጭ ማቀዝቀዣ አልፎ እንዲመለስ የሚያደርግ ሥራ ለዳገት ከሁሉ የሚበልጥ ማሻሻያ ነው እላለሁ።

አሁን ትልቁ ፓምፕ ተራው ደረሰ። ረጅም ቱቦ፣ ፊልትሮና ማቀዝቀዣ ሲጨመሩ ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ ይረዝማል፤ በአዲስ መልክ የተሠራ 1600 ሞተርም ሆን ተብሎ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት ሊኖረው ይችላል። እዚህ 26 ሚሊሜትር ምክንያት አለው። 30 ሚሊሜትሩ ለትልልቅ ሞተርና ሁልጊዜ በከፍተኛ ዙር ለሚሠራ መኪና ነው፤ ከመገናኛ ጉራራ ለሚመላለስ አይደለም።

ለአነዳድም አንድ ነገር ላንሳ። ዳገት ላይ ብዙ ሰው ሞተሩን «እንዳይደክም» ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ያንገዳግደዋል። ለቮልስ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ፓምፑም ማራገቢያውም የሚዞሩት በሞተሩ ነው፤ ዙሩ ሲወርድ ዘይቱም አየሩም ይቀንሳል፣ በብሮንዚናው ላይ ያለው ጭነት ግን ከፍተኛ ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይዙር። ድምጹ ቢበረታም ውስጡ ይቀልለዋል።

26ቱን ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አሮጌውን ፓምፕ አውጡና በባዶው ቦታ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የካምሻፍቱ ማርሽ የተያዘው በ3 ሪቬት ነው ወይስ በ4? ባለ 3ቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ባለ 4ቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ለአንዱ የተሠራው ፓምፕ ለሌላው አይሆንም። ሻጩ «ሁሉም ላይ ይገባል» ቢላችሁ እንኳ፣ እናንተ ሪቬቱን ቁጠሩ።